የዘገየው አሚን

ከሁሉ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ችኩል ነኝ። ምግብ ሳይበርድ የምበላ፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምመልስ፣ መኪና ቆሞ ሳያበቃ የምወርድ ሰው ነኝ። ድራም የሚመታ ሰው ረጋ ያለ ነው ያላችሁ ካለ ድራም መቺ አይቶ አያውቅም። የምነግራችሁ ታሪክም ከዚህ ጠባዬ የመጣ ነው።

ዘሀራ እባላለሁ። ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ሰው ሜሞሪ ካርዱን ይዞ ሲመጣ መንዙማም ሆነ ዘፈን የፈለገውን እጭንለታለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ "ሦስት ጎማ" በሚባል ባንድ ውስጥ ድራም እመታለሁ። ስሙን ያወጣው ጀማል ነው። ጀማል ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ የሚተዳደረው ግን በባጃጁ ነው፤ ድራሜንም የሚያመላልሰው በእሷው ስለሆነ በስሙ ማንም አልተከራከረም። ሦስተኛዋ ሐያት ናት፤ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ ቀን ፋርማሲ ትሠራለች። ከሦስታችን አስተዋይዋ እሷ ናት።

የምንጫወተው ፖፕ ፐንክ የሚባለውን ነው። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ፤ ድራሙ ይሮጣል፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ ዘፋኙ ደግሞ የሚወዳት ልጅ ናፍቃው ሳለ እንደተጣላት አድርጎ ይዘፍናል። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ሰምቶን "ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?" አለ። ጀማል "ሁለቱም ነው" ብሎ መለሰለት። እንግዲህ በዚህ ነው ከሚሴ ውስጥ አልበም እናወጣለን ብለን የተነሳነው።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ስቱዲዮ ከየት ይመጣል? የጀማል አባት ማሽላቸውን የሚያስቀምጡበት መጋዘን ነበራቸው፤ ጆንያው እስከ ጣሪያ ሲደረደር ድምፅ ወደ ውጭም አያወጣ፣ ወደ ውስጥም አያስተጋባ። እዚያ ቀዳን። ግን እህል ይበላል፣ ይሸጣልም። ጆንያው በጎደለ ቁጥር ግድግዳው እየተራቆተ ድምፃችን ማስተጋባት ጀመረ። ዛሬም አልበሙን ስትሰሙት የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ጭምት ያሉ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ባዶ ቤት ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ሰው "ሆን ብላችሁ ነው?" ይለናል፤ እኛም አዎ እንላለን።

ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዘፈን "ሄደሽ ግቢ" ይባላል፤ የአልበሙም ስም እሱ ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ኮምቦልቻ ልሄድ ስል ጨፋ ዘመዶቼ ዘንድ ዱዓ ተደረገልኝ። የአባቴ እህት፣ እኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ነው የምትባለው፣ አዳዳ ፋጡማ ምርቃት ታውቅበታለች። እሷ አንድ አንድ እያለች ትመርቃለች፣ ቤቱን የሞላው ሰው በእያንዳንዱ ላይ አሚን ይላል። "አላህ ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ።" አሚን። "የያዝሽው ይባረክልሽ።" አሚን። "ሄደሽ በሰላም ግቢ።" አሚን። እኔ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀዳሁት።

ዘፈኑን ስንሠራ ያንን ምርቃት መግቢያው ላይ አስገባሁት። ችግር የሆነብኝ አሚኑ ነው። ሃያ ሰው እኩል አይልም። በተለይ አንድ ድምፅ አለ፤ ሁሉም ብሎ ከጨረሰ በኋላ ለብቻው፣ ጎርነን ብሎ፣ ቀስ ብሎ "አሚን" የሚል። የአዳዳ ባል አባ ይመር ናቸው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ አሚን ሲሉ እንኳ አስበውበት ነው የሚሉት። ከድራሜ ጋር አልሄድ አሉኝ። ቆረጥኳቸው። ለእሳቸው ብዬ የሁሉንም አሚን ቆረጥኩና የአዳዳን ድምፅ ብቻ ምቱ ላይ ደረደርኩት። ላፕቶፔ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ቅጂም አጠፋሁት። ያኔ አባ ይመር በሕይወት ነበሩ፤ የሕያው ሰው ድምፅ ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄዱ። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ የቆረጥኩት ነገር ትዝ እንኳ አላለኝም።

አልበሙ የሚወጣው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አዳራሽ ተፈቅዶልናል፣ "ሄደሽ ግቢ" የሚል ወረቀት በየግድግዳው ተለጥፏል፣ ኢንተርኔት ላይ የምንጭነውም ተዘጋጅቷል። እሁድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ የጀማል ባጃጅ ቆመች፤ አዳዳ ፋጡማ ወረደች። ከጨፋ ለገበያ መጥታ ሳለ ጀማል መንገድ ላይ አግኝቶ አሳፍሯት ነው። የጀማል ፊት በርቷል፣ የእሷ ግን አላማረኝም።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም አዳዳ፣ ኮቱ፣ ነይ ግቢ።" ወንበሬን ለቀቅኩላት። ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጀማል ድምፄን አሰማኝ" አለች።

"ወደድሽው?"

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አሚኑን የት አደረስሽው?"

አልገባኝም። "የቱን አሚን?"

"ብቻዬን ነው የማወራው። ሰው ያልተቀበለው ምርቃት ምን ይባላል? ቤት ሙሉ ሰው ነበር። ሰውየው ነበር።"

ሰውየው ስትል ማንን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ፎቶው አለኝ፣ የመታወቂያው" አለች። "ድምፁ የለኝም። ቪዲዮ አልተነሳ፣ ስልክ አይወድ። መቅዳትሽን አላውቅም ነበር። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ራሴን ስሰማ ያ ቀን መሆኑን ዐወቅሁ። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ጊታር መጣ።"

ጀማል መሬት መሬት አየ። እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ፤ ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

"አለ" አልኳት። "ዋናው አለ። ወላሂ አመጣልሻለሁ።"

ዐይኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። "እንግዲያው እስክታመጪው ምርቃቴን አታውጪው። ያለ አሚን ብታወጪው አፉ አልልሽም።" ተነሥታ ሄደች።

ከሌላ አገር ለምታነቡ፣ አፉ ማለት ይቅር ማለት ነው፤ እኛ ጋ አፉ አልልሽም ማለት ቀልድ አይደለም። ሰው ይዞት የሚያድር ነገር ነው።

"አለ እንዴ?" አለኝ ጀማል።

"የለም።"

"ታዲያ ወላሂ ያልሽው?"

"ምን ልበላት? ቆርጬ ጣልኩት ልበላት?"

ሐያትን ጠራናት፤ ከፋርማሲው ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች መጣች። "ዘፈኑን ከአልበሙ እናስቀረው" አለች። "ስምንት ዘፈንም አልበም ነው።" የአልበሙን ስም ከየግድግዳው ማን ይልጠዋል አልኳት። ጀማል ሌላ መጣለት። "ሃያ ሰው ሰብስበን አሚን እናስብል። አንዱን ሽማግሌ ዘግይተው እንዲሉ እንነግራቸዋለን። ማን ያውቃል?"

"እሷ ታውቃለች" አልኩት።

"እሷማ ታውቃለች" አለ፣ ራሱም በሐሳቡ አፈረ።

ደግሞስ ነገሩ ከዘፈን አልፎ ነበር። አንዲት ሴት አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ድምፅ የያዘ አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከምት ወጣብኝ ብዬ። ረቡዕ ቢቀርም ይቅር፣ ድምፁን ሳላገኝ ድራም ላይ አልቀመጥም አልኩ።

ላፕቶፑን በሙሉ ፈተሽኩት፣ የለም። ስልኬ የዚያን ጊዜው ስልክ ነው፤ ግን ሜሞሪ ካርዱ ሌላ ነው። የድሮው ካርድ የት ሄደ? ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ሙሔ የሚባል ፍየል ነጋዴ። ከአምናው ረመዳን በፊት ነው፤ ትንሽ ስፒከር በቀይ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ፣ ካርዱ ተበላሽቶበታል። የሚሄድበት መኪና ውጭ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። አዲስ ካርድ አልቆብኝ ስለነበር ከስልኬ የራሴን አውጥቼ መንዙማ ጭኜ ሰጠሁት። ሌላ ጊዜ ሳላጠራ አልሰጥም። ያን ቀን ግን ያ ጡሩምባ አጣድፎኝ በነበረው ላይ ነው የጫንኩት። ጫንኩት ብዬ አምናለሁ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። ችኩልነቴ አንድ ጊዜ እንኳ ጠቅሞኝ ከሆነ ያን ቀን ነው።

ሰውየው ስልክ ቁጥር አልሰጠኝም። ያለኝ አንድ ቃል ነው፤ "ሰኞ ሰኞ ባቲ ነኝ።" ማግሥቱ ሰኞ ነበር።

በጠዋት ከጀማል ጋር ሚኒባስ ያዝን። ኮምቦልቻ ወርደን ሌላ መኪና ቀየርንና ወደ ባቲ ቁልቁል ወረድን። ባቲን በገበያ ቀን ያየ ያውቃታል፤ ከደጋ የወረደው፣ ከአፋር ቆላ የወጣው፣ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨርቁ፣ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይዋ ጭንቅላት ላይ ነው የምትቀመጠው። የፍየሉ ተራ ደርሰን አንዱን ሽማግሌ "ሙሔ የሚባል ፍየል ነጋዴ ያውቃሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሙሔ? እዚህ ድንጋይ ብትወረውሪ የሚመታው ሙሔ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "እኔም ሙሔ ነኝ" አሉ።

ስድስት ሙሔ አገኘን። አንዱ ፍየል ሊሸጥልን ሞከረ፣ አንዱ ጀማልን ባሏ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ዞርን። ጀማል ጫማው ተገነጠለና "ዘሀራ፣ ሰውየው ዛሬ ባይመጣስ?" አለኝ። "ይመጣል" አልኩት። "በምን ዐወቅሽ?" "ካልመጣ የሚመጣበት ሰኞ ድረስ እዚሁ እቀመጣለሁ።" ከልቤ ነበር።

ከአንድ አይሱዙ ጥላ ሥር መንዙማ ሰማሁ። መንዙማ ባቲ ላይ ብርቅ አይደለም፣ አልፌው ነበር። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ግን ቆምኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ዐወቅሁት፣ መጣም። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም ዐወቅሁት። እያንዳንዱ ሱቅ የሚጭንበት ቅደም ተከተል የራሱ ነው፤ ይህ የእኔ ነው። መኪናውን ዞርኩ። ቀይ ገመድ።

"ጋሽ ሙሔ።"

ቀና አሉ። ፍየሎቻቸው እየተጫኑ ነው። "ማነሽ አንቺ?"

"ከሚሴ፣ ካርዱን የሰጠሁዎት።"

"እህ፣ የኮምፒዩተሯ ልጅ። ምነው፣ ካርዱ ምን ሆነ?"

"ካርዱ ውስጥ የእኔ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብዬ ነው።"

"የሴትዮዋ ምርቃት?"

ጀማል "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁ።

"እሷንማ አውቃታለሁ" አሉ ሙሔ። "መንዙማው መሀል ትመጣለች። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት እሷን ነው የምከፍተው። ሄደሽ ግቢ ትላለች፣ ለሴት ነው፤ ግን እኔም መንገደኛ ነኝ፣ አሚን እላለሁ። አንድ ሰውዬ አለ፣ ዘግይቶ የሚል። እኔ ከእሱ ጋር ነው የምለው። ሌሎቹ ይቸኩላሉ።"

እኔ ቆርጬ ከጣልኳቸው ሰው ጋር እኚህ የማያውቋቸው ነጋዴ በየማለዳው አሚን ይሉ ነበር።

"ልታጠፊው ነው የመጣሽው?" አሉ፣ ስፒከራቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው።

"ልቀዳው ነው። ካርዱ የእርስዎ ነው።"

ካርዱን አወጡ። ስልኬ ውስጥ ከተትኩት፤ አይነበብም አለኝ። አውጥቼ እንደገና ከተትኩት፤ አይነበብም። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ጡሩምባ ነፋ። ደሜ ፈላ፣ ሹፌሩን ልሰድበው ስል ሙሔ ካርዱን ተቀበሉኝና በሸሚዛቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ እንደገና ጠረጉት። "ቀስ" አሉኝ። "እሱ ነገር ማጣደፍ አይወድም።" ለሹፌሩም "ቁም ብያለሁ" አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ተነበበ።

ሲገለበጥ ቁጥሩን አብረን ስናይ ቆየን፤ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና፣ መቶ። በጀማል ስልክም ደገምነው። ከዚያ ከፈትኩትና ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። የአዳዳ ድምፅ፣ የሰዉ አሚን፣ ከዚያ ብቻውን አባ ይመር። እዚያው ገበያ መሀል አለቀስኩ።

"ሰውየው ምንሽ ነው?" አሉኝ።

"የአክስቴ ባል። ሞተዋል። ድምፃቸው ያለው እዚህ ብቻ ነው።"

ሙሔ ካርዱን መልሰው ስፒከራቸው ውስጥ ከተቱት። "አላህ ይዘንለት። በሕይወት ያለ ሰው ነበር የሚመስለኝ" አሉ። መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብለው "ሴትዮዋን ሰላም በይልኝ። ባቲ ላይ አሚን የሚልላት አንድ ሰው አለ በያት" አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጨፋ ሄድኩ። አዳዳ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ታሰጣለች። "ታኢ፣ ተቀመጪ" አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ስልኩን ከፍቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ምርቃቷን ሰማች። የሰዉ አሚን መጣ፣ አለፈ። አፏን በእጇ ያዘች። አባ ይመር "አሚን" አሉ።

"ዛሬም ሰዎቹ ቀደሙት" አለች፤ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ መጣ። ሦስቴ ደጋግማ ሰማችው። የሙሔን መልእክት ነገርኳት፤ "ገለቶሚ፣ አመስግኚልኝ" አለች።

"አዳዳ፣ አፉ በይኝ" አልኳት። "እሁድ ስምልልሽ አልነበረኝም። ቆርጬ ጥዬው ነበር። ዋሽቼሽ ነው።"

"አውቃለሁ። ዐይንሽን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ዋሽተሻል ብልሽ ኖሮ መቼ ትፈልጊው ነበር? እንቢ ስትዪ ከልጅነትሽ አውቅሻለሁ፤ እሺ ካልሽ ግን ትሞቻለሽ እንጂ አትመለሺም።" እንባዋን ጠረገች። "አፉ ብዬሻለሁ። አውጪው። ግን እንዳለ።"

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ጆንያ አንድ አልቀረም፣ ባዶ ነው። አሚኑን ሁሉ ወደ ቦታው መለስኩት። ጀማል ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና "የአባ ይመርን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ ብታደርጊው ምቱ ላይ ልክ ይገባል" አለ። ልክ ነው፣ ይገባ ነበር፤ አንድ ጣት መንካት ነው። ያው የድሮዋ ዘሀራ ብሆን ሳይነግረኝ አድርጌው ነበር።

"አይነካም" አልኩት። "እኛ እንጠብቃለን።"

"ድራሙ ቆሞ?"

"ድራሙ ቆሞ።"

ሐያት "ለእኔም ይኼ ነው የተሻለው" አለች። ሐያት እንዲህ ካለች ክርክር አበቃ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ወጣቱ ከኋላ ቆሟል፣ ትልልቆቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አዳዳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ አባቴ አጠገቧ። ስምንቱን ዘፈን ተጫወትን። ወጣቱ ዘለለ፣ አባቴ ጆሮውን ያዘ፣ ግን አልወጣም። ዘጠነኛው ላይ ደረስን። ዱላዎቼን አነሣሁ። ከስፒከሩ የአዳዳ ድምፅ ወጣ፤ "አላህ ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ። ማንም አላዘዘው። ወሎ ነው፣ ምርቃት ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም። "የያዝሽው ይባረክልሽ።" አሚን። "ሄደሽ በሰላም ግቢ።" አሚን አለ፣ ጣሪያው ተሰማው። ከዚያ ጸጥ አለ። እጄ አየር ላይ ነው፣ ምቱ አልፎኛል፣ ልቤ ምቺ ምቺ ይላል። አልመታሁም። አዳዳን አየኋት፤ አንገቷን ወደ ስፒከሩ ሰገግ አድርጋለች።

"አሚን" አሉ አባ ይመር።

እሷ ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ መታሁ።

አንባቢዎቼ፣ አልበሙ አገር አላጥለቀለቀም፤ የሚሰሙን ይሰሙናል፣ ሁለተኛውን እየሠራን ነው። እኔ ዛሬም ችኩል ነኝ። ግን ቅጂ ከማጥፋቴ በፊት ውስጡ ማን ማን እንዳለ አዳምጣለሁ፤ ደንበኛ ካርዱን አጥሪልኝ ሲለኝም "መጀመሪያ እንስማው" እላለሁ። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ ከጀርባ ያለውን ድምፅ ስሙት፤ የሚስለውን፣ የሚያቋርጠውን፣ ዘግይቶ የሚመልሰውን። ቆይታችሁ የምትፈልጉት እሱን ይሆናል።

አዳዳ ስፒከር ገዝታ መጥታ ጭኚልኝ አለችኝ። ምርቃቱን ብቻ ለይቼ ልጫንልሽ አልኳት። "እንዳለ ነው ያልኩሽ" አለችኝ። ጨፋ ውስጥ አሁን ጎረቤት በማለዳ የሚነቃው በምርቃት፣ በአሚን፣ ከዚያ በእኔ ድራም ነው። አንድ ቀን ሄጄ፣ ጩኸቱ አይረብሽሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ይረብሸኛል" አለች፣ ማሽላዋን እየለቀመች። "ግን ሰውየው ከተናገረ በኋላ ነው የምትጮሂው። ከእሱ በፊት አትጮሂም።"